ነጭ ጋዋን ብቻውን መሪ አያደርግም

ሰሞኑን በጎንደርና በአካባቢው የጤና ባለሙያዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ሐኪም ናቸው፤ ጉዳያቸው የነባር ማህበረሰቦች ጤናና የጾታ ጥያቄ ነው። ባልስማማም ሐሳባቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። እንደ እሳቸው አባባል በጭልጋና በላይ አርማጭሆ የቅማንት፣ በጣና ዳር የወይጦ፣ በመተማና በቋራ የጉሙዝ መንደሮች የሴቶች ጤና ወደኋላ የቀረው ሥራው በሐኪም ስላልተመራ ነው። ለዚህም የሕንዷን ጋድቺሮሊ በማስረጃነት ያቀርባሉ፤ ጎንደርም የሕክምና ትምህርት አገር እንደመሆኗ ቀዳሚ ልትሆን ይገባት ነበር ይላሉ። ከዚያም ይቀጥላሉ፦ ማህበረሰቦቹ ጤና ተቋም የማይመጡት በባህላቸው የተነሳ ነው፤ ሴት ሐኪም ከተመደበች የጾታው ጥያቄ ይመለሳል፤ መረጃውማ ሞልቷል፣ የጠፋው ቆራጥ አመራር ነው፤ ቤት ውስጥ መውለድም በቅጣት መቆም አለበት።

ጽሑፉ ከቁጭት የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል፤ ቁጭቱንም እጋራለሁ። ግን እንዳለ ወደ ወረዳ ዕቅድ ቢገባ የሚጎዱት ጸሐፊው የተቆረቆሩላቸው ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የጽሑፉ ምሰሶ ጋድቺሮሊ ነውና ከእሱ ልጀምር። ጋድቺሮሊ በማሃራሽትራ ግዛት የምትገኝ፣ ጎንድ የሚባሉ አዲቫሲዎች (የሕንድ ነባር ሕዝቦች) የሚኖሩባት ጫካማ ወረዳ ናት። ዶክተር ራኒ ባንግ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፣ ባለቤታቸው ዶክተር አብሃይ ባንግ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ሁለቱም አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 እዚያው ገብተው ሥራ ጀመሩ። ራኒ ባንግ በሁለት መንደሮች 650 ሴቶችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1989 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ፦ ከመቶ ሴቶች 92ቱ ቢያንስ አንድ የማህፀን ወይም የአባላዘር ሕመም ነበረባቸው፤ ከዚያ በፊት የማህፀን ምርመራ አድርገው የሚያውቁት ግን 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጸሐፊው ይህን በትክክል ጠቅሰዋል። ሐኪም ባይሆኑ ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር ማለታቸውም ልክ ነው።

ችግሩ ታሪኩን እዚያ ላይ ማቆማቸው ነው። ጋድቺሮሊን በዓለም ያሳወቃት ሁለተኛው ሥራ ጨቅላ ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። በ39 መንደሮች ተሠርቶ ሥራው ካልተጀመረባቸው 47 መንደሮች ጋር ሲነጻጸር፣ በሦስተኛው ዓመት የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ62 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቤት ለቤት ሄደው ሕፃኑን የመዘኑት፣ ትንፋሹን የቆጠሩት፣ ደም ተመርዟል ብለው የለዩትና ጀንታማይሲን የተባለውን የፀረ ባክቴሪያ መርፌ የወጉት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ማንበብና መጻፍ ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ብዙ ትምህርት የላቸውም።

ከዚያ በፊት በሳንባ ምች ሥራቸውም እንዲሁ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ የልምድ አዋላጆች እስከ ሃምሳና ስድሳ መቁጠር ይቸግራቸዋል፤ የሳንባ ምች ደግሞ የሚለየው ትንፋሽ በመቁጠር ነው። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50ና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ሐኪሞቹ ያደረጉት ቆጠራውን ከሴቶቹ እጅ መንጠቅ አልነበረም። የአንድ ደቂቃ የአሸዋ ሰዓትና ዶቃ የተሰካበት ቀላል መሣሪያ ሠሩላቸው። አዋላጇ አሥር ትንፋሽ በቆጠረች ቁጥር አንድ ዶቃ ትገፋለች፤ አሸዋው ሳያልቅ ቀዩ ዶቃ ላይ ከደረሰች ልጁ ታሟል፣ መድኃኒት ይጀመራል። ወሰኑን ያወጣው ሐኪም ነው፣ የምትወስነው ግን ልጁ አጠገብ ያለችው ሴት ናት።

የሆስፒታላቸውም አሠራር ከዚሁ የመጣ ነው። ጎንዶቹን ለምን ሆስፒታል ትፈራላችሁ ብለው ሲጠይቁ ካገኟቸው መልሶች አንዱ የልብሱ ነጭነት ነበር፤ እነሱ በነጭ የሚሸፍኑት ሬሳ ነው። ሌላው ደግሞ በሽተኛውን ከዘመዶቹ መነጠሉ ነበር። ስለዚህ ሆስፒታሉ በረጃጅም ዋርድ ፋንታ ዘመድ አብሮ የሚያድርባቸው ጎጆዎች ሆኖ ተሠራ፤ ስሙም በሚያከብሯት አምላክ ተሰየመ። ሬሳ በነጭ መግነዝ የምንሸፍን እኛም ይህን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። ሐኪሞቹ ጠይቀው፣ ተቀብለው፣ በዚያው መሠረት ሠሩ። ጸሐፊው ከጋድቺሮሊ የወሰዱት ዲግሪውን ብቻ ነው፤ አሠራሩን ትተውታል።

ደግሞም አሠራሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የእኛም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ላልቻለ በደም መመረዝ ለተጠረጠረ ጨቅላ፣ ጀንታማይሲንና አሞክሲሲሊን ለሰባት ቀን እንዲሰጡ ተፈቅዷል። ይህ አገልግሎት ጤና ኬላ ላይ ሲደክም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው፦ ለጨቅላ የሚሆነው የጀንታማይሲን መጠን ከመደርደሪያ ይጠፋል፤ ወይም በወር አንድ ሕፃን እንኳ ስለማይመጣ እጅ ይረሳል። ለመጀመሪያው የአቅርቦት ሰው ያስፈልጋል። ለሁለተኛው ደግሞ ጤና ጣቢያ ላይ በየጊዜው እጅ የሚያፍታታ ልምምድ የሚያዘጋጅ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን። የጽሕፈት ቤት ወንበር ሁለቱንም አይፈታም።

አሁን ወደ ጎንደር። ጸሐፊው ጎንደር የሐኪም አገር ናት ሲሉ የተቋሙን ታሪክ ገልብጠውታል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት ሐኪም ለማስመረቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ 7,000 ያህል ሰው ከገደለ በኋላ፣ አገሪቱ ውስጥ በነበሩት ጥቂት ሐኪሞች ገጠሩን መድረስ እንደማይቻል ግልጽ ሆኖ ነው የተቋቋመው። ያሠለጠነው ጤና መኮንኖችን፣ የሕብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር፤ ሦስቱ አንድ ላይ ቡድን ሆነው ወረዳ ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ የመጣው ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ1970ዎቹ መግቢያ ነው። ስለዚህ ጎንደርን በምሳሌነት የሚያነሳ ሰው የሚያነሳው የቡድን ሥራን ነው።

የአገር አቀፉ ቁጥርም ወደዚያው ያመለክታል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር መሠረቱ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት የተመደቡ ሴቶች ነበሩ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት ዘመናዊ የወሊድ መከላከያን ጨምሮ ማንኛውንም የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 በመቶ ደረሱ። የእናቶች ሞት በ100,000 ሕያው ወሊድ ከ871 ወደ 412 ወርዷል። ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. ጤና ጥበቃን የመሩት ሚኒስትርም የሕክምና ዶክተር አልነበሩም። ትራኮማ በሚያመጣው የዓይን ፀጉር መቀልበስ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች እንደሚጎዱ ይታወቃል፤ ሕመሙ ከሕፃናት ይጋባል፣ ልጅ አቅፈው የሚውሉት ደግሞ እነሱ ናቸውና። በክልላችን ገጠር ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት በአብዛኛው ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ አሉ። ራሳቸው ታካሚ ሆነው አዲስ አበባ ገብተው፣ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከመሠረቱት ሐኪሞች፣ ከሐምሊን ባልና ሚስት እጅ ተምረው ሐኪሞችን እስከማሠልጠን ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሐምሊኖች ጋር የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሲቀበሉ የሕክምና ዲግሪ አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ። በዚያው ዘመን ጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም፦ በ1997 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ነበር። በ2008 ወደ 26፣ በ2011 ወደ 48 የወጣው አዋላጅ ነርሶች በየጤና ጣቢያው ሲገቡና አምቡላንስ በየወረዳው ሲመጣ ነው። የቤት ለቤት ምክር ብቻውን ደም የሚፈሳትን እናት አያድንም፤ ከኋላው ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት የሚችል ሆስፒታል ሊኖር ይገባል። እዚያ ሐኪም ግድ ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር በሊቦ ከምከም ወረዳ የታየበት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. በሽታው ሲገለጥ አስቀድሞ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ነበር። ምንነቱን የለየው የሠለጠነ ዓይንና የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ “በባህላቸው የተነሳ አይመጡም” የሚለው፣ በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚያሳስበኝ ነው።

በነሐሴ ወር በደምቢያ ሐይቅ ዳር ያለች አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ቢይዛት ምን ምን መሟላት እንዳለበት እንቁጠር። ሜዳው በመገጭና በሌሎቹ ወንዞች ውኃ ተጥለቅልቋል። አምቡላንሱ ዋናው መንገድ ላይ ይቆማል፤ እስከዚያ በቃሬዛ ወይም በታንኳ መድረስ አለባት። ቃሬዛ ስምንት ያህል ተፈራራቂ ወንዶች ይፈልጋል። ሥራ ላይ ያሉትን የሚጠራላት ባሏ ወይም አማቷ ነው። ልጆቿን የሚጠብቅ፣ ከብት የሚያግድ ሰው መገኘት አለበት። የወሊድ አገልግሎት ነፃ ቢሆንም መድኃኒት ካለቀ ከግል ፋርማሲ ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ አንዱ ቢጎድል ቤቷ ትወልዳለች፤ መዝገብ ላይ “ባህል” ተብሎ ይጻፋል።

ከደረሰችስ? አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ እግሯን እንድትሰቅል ይነገራታል፤ ቤቷ ግን የምታምጠው ተንበርክካ፣ ገመድ ወይም ሰው ይዛ ነው። “ማርያም ማርያም” የሚሉላት ሴቶች በር ላይ ይቀራሉ። አፏ በረሃብ ይደርቃል። የማታውቀው ወጣት ወንድ ሳያስፈቅዳት ይገልጣታል። እንግዴ ልጁን ቤተሰቡ ለመቅበር ቢጠይቅ ጉድጓድ ገብቷል ይባላል። እነዚህን ነገሮች በመጥላቷ “ኋላቀር” ትባላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክረ ሐሳብ እናት የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆን፣ በመረጠችው አኳኋን እንድትወልድ፣ የተለየ ስጋት ከሌለባት ምጥ ላይ እንድትጠጣና እንድትበላ ይመክራል። እሷ በልማድ የጠየቀችው በማስረጃ የተደገፈ ነው፤ መመሪያውን ያልፈጸመው ጤና ጣቢያው ነው። ማዋለጃ ክፍል ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ፣ ግድግዳ ላይ የታሰረ መያዣ ገመድና አንድ መጋረጃ ይህን ያስተካክላሉ። በየጤና ጣቢያው ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት የተጀመረው፣ እናቶች ማቆያ ቤት የተሠራው ይህን በተረዱ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግፊት ጭምር ነው። ማቆያው ራሱ የሚከሽፍበት ምክንያት አለ፦ ሁለት ሳምንት የምትቀመጥ እናት እህልና ማገዶ ከቤቷ ማምጣት ካለባት አትገባም።

ባህልማ የማን ባህል? ወይጦን ለዘመናት ከማዕድ ያራቀው ጎረቤቱ ነው። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ማንም አጠገቧ የማይቀመጥ ሴት በሚቀጥለው ወር ለክትትል ካልመጣች የቀረችው በእኛ ልማድ እንጂ በእሷ አይደለም። ይህ በማንኛውም የወረዳ ሪፖርት ላይ ዓምድ የለውም። ጎጂ ልማዶች መኖራቸውን አልክድም። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ግርዛት ተፈጽሞባቸዋል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ አለ፤ እንጥል መቁረጥ፣ የሕፃን ድድ መብጣት፣ ምጥ ላይ ሆድ ማሸት አለ። በእነዚህ ላይ ሐኪም ደፍሮ መናገሩ ይጠቅማል። ግን ጎንደር ውስጥ እነዚህ የነባር ማህበረሰቦች መለያ አይደሉም። የብዙኃኑ ገበሬና የከተሜው ጭምር ልማድ የሆነውን ለአናሳው ብቻ ማሸከም ሕክምናም ሆነ ፍትሕ አይደለም።

“ሴት ሐኪም ትመደብ” የሚለውን በደስታ እቀበላለሁ። ማህፀኗን ለወንድ ማሳየት የማትችል ሴት ብዙ ናት፤ ሴት ሐኪም ያለችበት ክሊኒክ ትመጣለች። ከዚህ አልፎ “የጾታው ጥያቄ ይመለሳል” ማለት ግን አያስኬድም።

የማህፀን መውረድን እንውሰድ። ዳባት ወረዳ ላይ በተደረገ ጥናት ሴቶቹ ሲጠየቁ ምልክቱ አለብን ያሉት ጥቂት ሲሆኑ፣ ሲመረመሩ ግን የተገኘባቸው እጅግ የበዙ ነበሩ፤ ከባድ ነገር ለረጅም ሰዓት መሸከምም ከችግሩ ጋር ተያይዞ ታይቷል። ሴት ሐኪም አንዷን በቀዶ ሕክምና ታስተካክላለች እንበል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት የለባትም። 20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ 20 ኪሎ ነው፤ ምንጩ ከቤት ግማሽ ሰዓት ይርቃል። ውኃ የሚቀዳላት ካልተገኘ በሁለተኛው ሳምንት ጀሪካኑን ታነሳለች፤ የተሰፋው ይላላል፤ ማህፀኑ ይመለሳል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ከመሠራቱ በፊት ባል ተጠርቶ፣ የስድስት ሳምንቱ ውኃና እንጨት በማን እንደሚመጣ ስም ተጠቅሶ መወሰን አለበት። ቀላል ደረጃ ላሉት በሴት ብልት በኩል የሚገባው የጎማ ቀለበት አለ፤ ልኩ የሚመረጠው በምርመራ ነው፤ በየጥቂት ወሩ ወጥቶ መታጠብና መታየት አለበት። ሳይታይ ከቆየ ያቆስላል፣ ይሸታል፣ እሷም ተስፋ ቆርጣ ትጥለዋለች። ይህን ክትትል በየሦስት ወሩ ጎንደር ድረስ በመምጣት ማድረግ አትችልም፤ ጤና ጣቢያ ላይ አዋላጇ መሥራት አለባት። ለማህፀን በር ካንሰር የሚሆነውን የኤች ፒ ቪ (ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ናሙናም ሴቲቱ ራሷ ልትወስድ ትችላለች። ፒ ሲ አር በተባለው የላቦራቶሪ ዘዴ ሲመረመር ትክክለኛነቱ ሐኪም ከወሰደው ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ያለው መንገድ እያለ ሁሉንም ነገር በሴት ሐኪም ብዛት ላይ ማንጠልጠል ለዓመታት መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ ዘሎታል። የጤናው ሥራ ራሱ በሴቶች ትከሻ ላይ ያለ ክፍያ ተጭኗል። የሴቶች ልማት ቡድን አባሏ አምስት ቤቶችን ትከታተላለች፣ ስብሰባ ትጠራለች፣ ነፍሰ ጡር ታስመዘግባለች፤ ደመወዝ የላትም። የጾታን ጥያቄ አነሳለሁ የሚል አመራር በመጀመሪያ የሚነካው ይህን ነው።

ጾታ ማለት ደግሞ እናትነት ብቻ አይደለም። በመተማ፣ በቋራና በሑመራ የሰሊጥ እርሻ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ካላዛር በብዛት የሚይዘውም እነሱን ነው። ሌሊት ሜዳ ላይ ያድራሉ፤ የአሸዋ ዝንቧ ከተሰነጠቀ ዋልካ አፈርና ከግራር ሥር እየወጣች ትነድፋቸዋለች። ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና ክሳት ካለ በጣት ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉ መርፌዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱም በየቀኑ ለ17 ቀን ይሰጣሉ። ሰውየው ሆስፒታል ሲተኛ የመኸሩ ሥራ የሚስቱ ይሆናል። ጸሐፊው የጾታ ጤና ሲሉ ይህ ሁሉ አልታያቸውም።

በተቃራኒው ከሐይቅና ከወንዝ ውኃ የሚይዘውን የትል በሽታ፣ ቢልሃርዝያን እንመልከት። ለረጅም ጊዜ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በዋናነት ሲታደል የኖረው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ሐይቁ ውስጥ ቆማ ልብስ የምታጥብና ውኃ የምትቀዳ የጣና ዳር ሴት፣ ደንገል የሚያጭደው ባሏ፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ልጇ ከእደላው ውጭ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያውን ቀይሮ፣ በሽታው በተስፋፋበት ቦታ ከሁለት ዓመት ጀምሮ አዋቂዎችን፣ የሚያጠቡ እናቶችንና የመጀመሪያውን ሦስት ወር ያለፉ ነፍሰ ጡሮችን ጨምሮ እንዲሰጥ መክሯል። ዕደላውን በትምህርት ቤት የወሰኑት አብዛኞቹ ሐኪሞችና ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ ልጆችን ቆጠሩ፣ ውኃው ውስጥ የሚውለውን ሰው አልቆጠሩም።

ስለዚህ “መረጃ ሞልቷል” የሚለው ጋ ስንደርስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1987 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰው ቅማንት ተብሎ ተቆጥሯል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ግን ለብቻው የተቀመጠ ቁጥር የለም። ዳባት ላይ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ልደትና ሞትን የሚከታተለው የዩኒቨርሲቲው የምርምር ጣቢያ ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን ዳባት ጣና ዳር አይደለችም። ይህ ሲባል በየቤተሰብ ማህደሩ ላይ ብሔር ይጻፍ ማለቴ አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት ባየነው ሁኔታ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሰው ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። መፍትሔው በጎጥ መቁጠር ነው። የቀበሌው የክትባት አማካይ 70 በመቶ ሲል አንዱ ጎጥ 90፣ ሐይቅ ዳር ያለው 15 ሊሆን ይችላል። የክትባትና የወሊድ መዝገቡን በጎጥ ከፍሎ ማየት አዲስ ቅጽ አይፈልግም፤ አድራሻው ተጽፏል፣ የሚደምረው ሰው ነው የጠፋው።

ቅጣቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። የተቀጣች እናት ቤቷ መውለዷን አትተውም፤ መናገሯን ትተዋለች። ወይም “መንገድ ላይ ወለደች” ተብሎ ይመዘገባል። ደም በመፍሰስ የሚሞቱ እናቶች በአብዛኛው የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፤ በእነዚህ ሰዓታት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ካልተጠራች ቅጣቱ ገደለ ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ ለመከላከል ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ የተሻለ መድኃኒት ነው፤ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ከሌለው አይሆንም። መንገድ በጎርፍ ወይም በጸጥታ ችግር ሲዘጋ የሚቀረው ሚሶፕሮስቶል ነው፦ 200 ማይክሮግራም የሆኑ ሦስት ኪኒኖች፣ ልጁ ከወጣ በኋላ፣ ሆድ ተዳብሶ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በአፍ። ልጁ ሳይወጣ ከተሰጠ ማህፀን ሊቀደድ ይችላል። ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ያለባት እናቲቱ አጠገብ ያለችው ሴት ናት። የልምድ አዋላጇን በወንጀለኛነት ካባረርናት ግን ለማን እናስተምራለን? እሷን ወደ ጤና ጣቢያ እናት አጅባ የምትመጣ፣ ማዋለጃ ክፍል ገብታ ወገብ የምትደግፍ ማድረግ ይሻላል።

ጸሐፊው ሐኪም ይምራ ለሚሉት፣ ሐኪም ሊመራው የሚገባ አንድ ቦታ አለ፤ የእናቶች ሞት ምርመራ። አገራችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ የእናት ሞት ተመዝግቦ ምክንያቱ እንዲጠና አሠራር ዘርግታለች። ቀበሌ ላይ ቤተሰቡን የምትጠይቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ ሆስፒታል ላይ ካርዱ ይታያል። የሕክምናውን ስህተት መለየት፣ የእርግዝና መንቀጥቀጥ መድኃኒቱ ማግኒዥየም ሰልፌት ዘግይቶ ነበር ወይስ ደም አልተገኘም ብሎ መፍረድ የሐኪም ሥራ ነው። ግን ካርዱን ብቻ የሚያይ ጉባኤ ሁልጊዜ የሚጽፈው “ዘግይታ መጣች” ነው፤ ለምን እንደዘገየች የሚያውቁት ቃሬዛ የተሸከሙት ናቸው። ስለዚህ ሰብሳቢው ሐኪም ይሁን፤ ሟቿን ያከመው ግን አይሁን። ከሟቿ ጎጥ የመጣች አንዲት ሴት ትገኝ፤ ከስብሰባው በፊት ቃሏ በጽሑፍ ይያዝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ከካርዱ እኩል ቦታ ይሰጠው፤ የተወሰነው ነገር በወሩ መጨረሻ ተፈጽሞ እንደሆነ የሚጠየቅ ሰው ስም ይጻፍበት።